ሙሉ ጊዜ ወይስ ትርፍ ጊዜ? ኦንላይን ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ዲግሪዬን በኦንላይን እንደተማርኩ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሙሉ ጊዜ ልመዝገብ ወይስ ትርፍ ጊዜ?» ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ሥራ እየሠራሁ በትርፍ ጊዜ ጀመርኩ። መሃል ላይ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜ ተማርኩ። ከዚያ እንደገና ሥራ ያዝኩና የቀረኝን በትርፍ ጊዜ ጨረስኩ። ስለዚህ መልስ አላጣም። ግን ከመመለሴ በፊት እኔም እጠይቃለሁ፦ «በሳምንት ስንት ነፃ ሰዓት አለህ?»

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። «ማታ ማታ አነባለሁ፤ ቅዳሜና እሁድም አለ» የሚል ጠቅለል ያለ መልስ ይሰጠኛል። ይሄ መልስ ለምዝገባ አይበቃም። እኔ ካየኋቸው ኮርስ ጀምረው ካቋረጡ ተማሪዎች ውስጥ ትምህርቱ ከብዷቸው የወጡት ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹን ያስወጣቸው የሌላቸውን ሰዓት አለን ብለው መመዝገባቸው ነው።

በዚያ ላይ ኦንላይን ሲባል ቀለል ያለ ትምህርት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መንገድ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ፒጃማ ለብሶ መማር ይቻላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። የኮርሱ ሥራ ግን አይቀንስም። ክሬዲት የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው፤ ክፍል ውስጥ ለሚማረው ሦስት ክሬዲት ከሆነ ለእናንተም ሦስት ክሬዲት ነው። ንባቡም፣ ወረቀቱም፣ ፈተናውም ያው ነው። እንዲያውም መምህሩ ክፍል ውስጥ በቃል የሚያብራራውን እናንተ ከጽሑፍ አንብባችሁ መረዳት ስላለባችሁ አንዳንዱ ኮርስ ከዚያም ይብሳል።

ሒሳቡ

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። አሰልቺ ነው፤ ግን ጠቃሚው እሱ ነው።

በአሜሪካ ኮሌጆች የተለመደው ስሌት እንዲህ ነው። ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ሥራ ይታሰባል። ሴሚስተሩ ወደ 15 ሳምንት ይሄዳል። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይፈልጋል። የባችለር ተማሪ ሙሉ ጊዜ ለመባል በሴሚስተር 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። በሳምንት 36 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሙሉ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ባችለር ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። በስምንት ሴሚስተር ለመጨረስ በእያንዳንዱ 15 ክሬዲት መውሰድ ያስፈልጋል። በ12 ክሬዲት «ሙሉ ጊዜ» ተብሎ ስምንት ሴሚስተር የተማረ ሰው 96 ላይ ነው የሚደርሰው። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ጊዜ ነው፤ በአራት ዓመት ግን አይመረቅም። 15 ክሬዲት ደግሞ በሳምንት 45 ሰዓት ነው።

አውሮፓ ውስጥ ስሌቱ ሌላ ይመስላል እንጂ ብዙም አይራራቅም። ኢሲቲኤስ በሚባለው ሥርዓት የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። ለአንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይታሰባል። በዓመት ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት መሆኑ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ሙሉ ጊዜ በዓመት 120 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት 10 ሰዓት ገደማ ይቆጠርለታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በዓመት 60 ክሬዲት የሚወስድ የትርፍ ጊዜ ተማሪ በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት እንዲመድብ ይመክራል። በዚህ አካሄድ የ360 ክሬዲት ዲግሪ ስድስት ዓመት ይወስዳል።

አሁን ወደ ወጥመዱ ልምጣ። ብዙ የኦንላይን ፕሮግራሞች የ15 ሳምንቱን ኮርስ በ8 ሳምንት ጨምቀው ይሰጣሉ። ማስታወቂያው ላይ በጣም ያምራል። «በአንድ ጊዜ ሁለት ኮርስ ብቻ!» ይላል። ሁለት ኮርስ ሲባል ትርፍ ጊዜ ይመስላል። ግን አስሉት። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በጠቅላላ 135 ሰዓት ነው። ለ8 ስታካፍሉት በሳምንት ወደ 17 ሰዓት ይመጣል። ሁለት ኮርስ 34 ሰዓት ሆነ። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ይሄ ሙሉ ጊዜ ነው። ቀን ሥራ እየዋላችሁ ይሄን ከያዛችሁ እንቅልፋችሁን ነው የምትከፍሉት።

ስለዚህ «ሙሉ ጊዜ» እና «ትርፍ ጊዜ» የሚሉትን ስሞች ለጊዜው ተዉአቸው። ክሬዲቱን ወደ ሰዓት ቀይሩት፣ ለሳምንቱ ብዛት አካፍሉት፣ ከዚያ ያላችሁን ሰዓት አጠገቡ አስቀምጡት።

ያላችሁ ሰዓት ምን ዓይነት ሰዓት ነው?

ያለንን ሰዓት ለማወቅ እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። አንድ ተራ ሳምንት ምረጡ። በዓል የሌለበት፣ እረፍት ያልሆነ። ከዚያ በየቀኑ ምን ስትሠሩ እንደዋላችሁ ጻፉ። ሥራ፣ መንገድ፣ ልጆች፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ስልክ ላይ የጠፋው ሰዓት ሁሉ ይጻፍ። ስልኩን አትደብቁት፤ ለማንም አታሳዩትም።

እኔ ስጽፍ ያየሁት ነገር አስገርሞኛል። ማታ ሦስት ሰዓት ባዶ ነበረኝ። ወረቀቱ ላይ አሪፍ ነው። ግን ከሥራ መልስ ያለ ሦስት ሰዓት የሚሰጠው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነባለሁ፤ አንድም ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አይገባም። በአንጻሩ ጠዋት ከሥራ በፊት ያለች አንድ ሰዓት ተኩል ወርቅ ነበረች። ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ስልኩ የማይጮህበት ሰዓት። ከባዱን ነገር ሁሉ ወደዚያ አመጣሁት። ስታቲስቲክስና ወረቀት መጻፍ ጠዋት ሆነ። ማታ ደግሞ አእምሮ የማይጠይቁ ነገሮችን ትቼለታለሁ፦ ፋይል ማውረድ፣ ማጣቀሻ ማስተካከል፣ ለሌሎች ተማሪዎች ጽሑፍ መልስ መስጠት።

ለእናንተ ጠዋት ላይሆን ይችላል። ሌሊት የሚያነቡ ሰዎች አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። ቁም ነገሩ የደከመ ሰዓትን እንደ ሙሉ ሰዓት አለመቁጠር ነው። የደከመውን ሰዓት ግማሽ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ከዚያ የሚቀረውን ድምር ከኮርሱ ፍላጎት ጋር አስተያዩት።

በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የኔ ምክር አጭር ነው። በ15 ሳምንት ሴሚስተር መጀመሪያ አንድ ኮርስ ብቻ ውሰዱ። ከተመቻችሁ በሚቀጥለው ሁለት። ሁለት ኮርስ 18 ሰዓት ነው፤ ከሥራው ጋር 58 ሆነ። ከዚያ በላይ የሚችል ሰው አይቻለሁ። ግን ያ ሰው ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ምግብ የሚያዘጋጅለት ሰው አለው፣ ወይ ሥራ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ትርፍ ጊዜ ያገኛል። የሌላውን ሰው ፍጥነት ከመቅዳታችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁ።

ሙሉ ጊዜ ስሆን የጠበቀኝ ነገር

ሥራ ስለቅ «አሁን ቀኑ ሁሉ የኔ ነው» ብዬ ነበር። አስቸጋሪው እሱ ሆነ። ቀን ሁሉ የኔ ሲሆን ማንም አይጠራኝም። ሰዓት ጠብቆ ክፍል የሚገባ መምህር የለም፤ ቪዲዮው የትም አይሄድም። ከምሳ በኋላ ይደረጋል የተባለው ማታ ይደረጋል፣ የማታው ነገ ይደረጋል። ሥራ እየሠራሁ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል የምጨርሰው ንባብ ሙሉ ቀን የፈጀብኝ ጊዜ አለ።

መፍትሔው የሚያስደስት አይደለም፤ ቢሮ እንደሚገባ ሰው መሆን ነው። የመነሻ ሰዓት አስቀመጥኩ፣ የምሳ ሰዓት አስቀመጥኩ፣ የመዝጊያ ሰዓትም አስቀመጥኩ። የመዝጊያው ከመነሻው ይበልጣል። መዝጊያ ከሌለ ቀን ሙሉ ሳታጠና ቀን ሙሉ «እያጠናሁ ነው» የሚል ጭንቀት ተሸክመህ ትውላለህ። ማታ ሲሆን ስታርፍ ህሊናህ ይወቅስሃል፣ ስታነብ ደግሞ አይገባህም።

ሌላው ጣጣ የቤት ሰው ነው። ቤት ያለ ሰው ሥራ የሌለው ሰው ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። «ቤት ነህ አይደል? እስኪ ብቅ በልና...» የምትለዋ ነገር ብዙ ሰዓት ትበላለች። መቆጣት አያዋጣም፤ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ የሚያዩት ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔን የረዳኝ ፕሮግራሜን በትልቁ ጽፌ በር ላይ መለጠፌ ነው። «እስከዚህ ሰዓት ክፍል ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አዙኝ።» ከዚያ ስጨርስ በእውነት መታዘዝ ያስፈልጋል። ያን ካላደረጋችሁ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ሙሉ ጊዜ መማር ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። አንዱ ኮርስ ሌላውን ያግዘዋል። ባለፈው ሴሚስተር የተማራችሁት ሳይረሳ የሚቀጥለው ይመጣል። የትምህርት ድጋፍና ስኮላርሺፕም ብዙ ጊዜ ከክሬዲት ብዛት ጋር ይያያዛል። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል የተማሪ ብድር ለማግኘት ቢያንስ ግማሽ ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለባችለር ተማሪ በሴሚስተር 6 ክሬዲት ማለት ነው። አንድ ኮርስ በመተው ብቻ ከዚያ መስመር በታች መውረድ ይቻላል። ስለዚህ ኮርስ ከመተዋችሁ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን ጠይቁ።

አራትና አምስት ኮርስ በአንድ ጊዜ ሲያዝ ደግሞ የዴድላይን መደራረብ አለ። መምህራን አይነጋገሩም። ሁሉም ሚድተርም በአንድ ሳምንት ይወድቃል። እኔ ሴሚስተሩ በተከፈተ ቀን የሁሉንም ኮርስ ሲለበስ (የትምህርቱን ዝርዝር ዕቅድ) ዘርግቼ እያንዳንዱን ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አሰፍራለሁ። ኮርሱ፣ ሥራው፣ ቀኑ፣ ከውጤቱ ስንት በመቶ እንደሚይዝ። የመጨረሻው ዓምድ ነው የሚያድነው። ሦስት ነገር አንድ ቀን ሲደራረብ 25 በመቶ የያዘውን ወረቀትና 2 በመቶ የያዘችውን ኩዊዝ እኩል መጨነቅ አያስፈልግም።

ትርፍ ጊዜ ቀስ ያለ ነው፤ የራሱ ቀንበር አለው

በትርፍ ጊዜ የሚማር ሰው ትልቁ ጠላት መርሳት ነው። ሂሳብ አንድ ተምሬ ሂሳብ ሁለትን በዓመቱ ስወስድ ምን ያህል እንደተነነ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ተከታታይ ኮርሶችን ሳላርቅ እወስዳለሁ። ሌላው ይቆይ፤ ሂሳብ፣ ቋንቋ፣ ፕሮግራሚንግ ግን በመሃል ክፍተት አይወዱም።

ሁለተኛው ነገር የኮርስ አሰጣጥ ነው። አንዳንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው። እሱ ደግሞ ለሌሎች ሁለት ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ጊዜ ተማሪ በወረፋው ይወስደዋል። የትርፍ ጊዜ ተማሪ ካመለጠው ሌላ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አድቫይዘራችሁን የኮርሶቹን ቅደም ተከተል ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ አማካሪዋ ሳቅ ብለው «ማለቂያውን አስቀድመው ያስቀምጡና ወደኋላ ይቁጠሩ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከመጨረሻው ኮርስ ተነስቼ ወደኋላ ስሄድ የትኛው ሴሚስተር ላይ የትኛው መሆን እንዳለበት ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ሦስተኛ፣ ብዙ ተቋማት ዲግሪ የሚጨረስበት የዓመት ገደብ አላቸው። ለማስተርስ በተለይ። ከገደቡ ካለፈ ቀድሞ የተወሰደ ኮርስ ላይቆጠር ይችላል። ይሄን የሚነግራችሁ ሰው የለም፤ እናንተ ናችሁ የምትጠይቁት።

«አንድ ሴሚስተር ልረፍ» የሚለው ነገርም አለ። ማረፍ ኃጢአት አይደለም። ግን በኔ ዙሪያ አንድ ሴሚስተር ብለው የወጡ ብዙዎች አልተመለሱም። እኔ ሥራ ሲበዛብኝ የወሰድኩት አንድ ቀለል ያለ ኮርስ ነው። ወጪ አለው፤ ግን የተማሪ መታወቂያዬም፣ ልማዴም አብረው ቆዩ።

ቀስ ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የርቀት ትምህርት ከኢንተርኔት በፊት ረጅም ዕድሜ አለው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ ክፍል ያልገቡ ተማሪዎችን ለዲግሪ ይፈትን ነበር። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ የሚባል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ርቀት ትምህርት ገባ። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከዩኒሳ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ እስር ላይ ሆነው። መጻሕፍት በፖስታ ሲጠበቁ የተማሩ ሰዎች ባሉበት ዓለም ሁለት ኮርስ ይዤ «ዘገየሁ» ማለት ትንሽ ሼም ነው።

ቪዲዮ ማየት ማጥናት አይደለም

ኮርሱ ላይቭ ነው ወይስ የተቀዳ? ይሄ ከሙሉ ጊዜና ከትርፍ ጊዜ ባልተናነሰ ሕይወታችሁን ይወስናል። ላይቭ ክላስ ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ግን ያስገድዳል፣ ሰው ያገናኛል። የተቀዳው ነፃነት ይሰጣል፤ ይከማቻልም። ለጀማሪ ሁለት ኮርስ ከያዘ አንዱ ላይቭ ቢሆን እመርጣለሁ።

ትምህርት ቤቱ ሌላ አገር ከሆነ የሰዓት ልዩነቱን ተጠንቀቁ። አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ የሚያዛውሩትም በአንድ ቀን አይደለም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሁድ፣ የአውሮፓ ኅብረት በማርች የመጨረሻ እሁድ። ሲመልሱ ደግሞ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ። ሰዓት የማይቀየርበት አገር ካላችሁ ክላሳችሁ በድንገት አንድ ሰዓት ይሸሻል። ዴድላይኑም «23:59» ሲል የማን 23:59 እንደሆነ እዩ። ስልካችሁ ላይ የትምህርት ቤቱን ሰዓት እንደ ሁለተኛ ሰዓት ጨምሩት።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። በ1.5 ፍጥነት ማየት ጊዜ ይቆጥባል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ቪዲዮ አልቆ «ገባኝ» የሚለው ስሜት አታላይ ነው። በዚህ ላይ የሚጠቀስ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቧቸው። አንዱ ወገን ደግሞ አነበበው። ሌላው ወገን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ። ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይሰጥም።

የኔ ዘዴ ከዚህ የመጣ ነው። ቪዲዮውን ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ አያለሁ፣ አቆማለሁ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ አንስቼ የሰማሁትን ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ያቃተኝ ቦታ ላይ ክፍተት እተዋለሁ። ከዚያ ተመልሼ ክፍተቱን ብቻ እሞላለሁ። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ቀርፋፋ ይመስላል። ግን ለፋይናል ሲደርስ እንደ አዲስ የሚጠና ነገር የለም። የሰዓት እጥረት ላለበት የትርፍ ጊዜ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቁጠባ አላየሁም።

ፈተና፣ ሰውና ወረቀት

በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና ላይ ፕሮግራሙን ቀደም ብላችሁ ሞክሩት። መታወቂያ ያስፈልጋል፣ ክፍሉን በካሜራ አዙራችሁ ታሳያላችሁ፣ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። አንድ ጊዜ በኩዊዝ መሃል ኢንተርኔቴ ተቋረጠ። የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ገባሁ፤ የስህተት መልእክቱን ፎቶ አነሳሁት፤ ወዲያው ለመምህሩ ላክሁ። ሰዓቱ የተመዘገበበት ፎቶ ስለነበረ ብዙ ሳንጨቃጨቅ እንደገና ተከፈተልኝ። ሁለተኛ የኢንተርኔት መንገድ ሳይኖር ፈተና አትጀምሩ።

ለመምህር ስትጽፉ የኮርሱን ቁጥርና ስማችሁን ርእሱ ላይ አስቀምጡ። «አልገባኝም» አይበቃም። «በሦስተኛው ሳምንት ንባብ ላይ ይሄ እርምጃ ከዚያኛው እንዴት እንደመጣ አላየሁም፤ እኔ እንዲህ ሞከርኩ» ብትሉ መልሱ ይፈጥናል። የውይይት ሰሌዳው ላይ ደግሞ ቀድማችሁ ጻፉ። መጨረሻ የሚጽፍ ሰው የሚለው ነገር ያልቅበታል፣ «እስማማለሁ» እያለ ይዞራል። ቀድሞ የሚጽፍ ሰው መልስ ያገኛል። እኔ ሁለት የጥናት ጓደኞቼን ያገኘሁት እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ እንገናኝ ነበር፤ ግማሹ ወሬ ነው፣ ግን ሦስታችንም ጨረስን።

ግሩፕ ወርክ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ማን ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሌላ የምለው የለኝም።

ኮርስ መተውን በተመለከተ ሁለት ቀኖች አሉ። የመጀመሪያው ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀን ነው። እስከዚያ ከወጣችሁ ብዙ ጊዜ ትራንስክሪፕት ላይ ምንም አይታይም፣ ገንዘቡም ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው የዊዝድሮው ቀን ነው። እስከዚያ ከወጣችሁ ደብልዩ (W፣ ኮርሱን ማቋረጣችሁን የሚያሳይ ምልክት) ይጻፋል፤ ጂፒኤን አይነካም። ከዚያ በኋላ ካቋረጣችሁ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃችሁ ኤፍ ነው። እኔ አንድ ሴሚስተር ላይ ሥራ ቦታ ኃላፊነት ሲጨመርብኝ ሰዓቱን እንደገና ቆጠርኩና አንዱን ኮርስ በደብልዩ ተውኩት። የቀሩትን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። እስካሁን ስለዚያች ደብልዩ የጠየቀኝ ቀጣሪ የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ተቋሙ እውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የአሜሪካ ከሆነ የትምህርት ሚኒስቴሩም፣ ቺያ (CHEA) የሚባለው የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤትም በነፃ የሚፈለግበት ዝርዝር አላቸው። በሌላ አገር የተማራችሁት ዲግሪ ልትሠሩበት ባሰባችሁት አገር መታወቁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ ኮርሴራና ኤዴክስ ያሉ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመሩ የኦንላይን ኮርስ መድረኮች ላይ ጥሩ ጥሩ ኮርሶች አሉ። እኔ አንድን ትምህርት ከመመዝገቤ በፊት እዚያ እሞክረዋለሁ። ግን የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬትና የኮሌጅ ክሬዲት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሬዲት ይሰጣል ካሉ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው በጽሑፍ ይንገሯችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ለሬጅስትራር የምትልኩት ኢሜይል እነዚህን ይያዝ፦ ኮርሱ ስንት ሳምንት ነው? ላይቭ ነው ወይስ የተቀዳ? ፈተናው የት ይሰጣል? ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ከትርፍ ጊዜ ወደ ሙሉ ጊዜ መዛወር የሚቻለው በየሴሚስተሩ ነው ወይስ በዓመት አንዴ? መልሱን አስቀምጡት። የመጨረሻው ጥያቄ ለኔ በጣም ጠቅሞኛል። በየሴሚስተሩ መቀየር እንደሚቻል ስላወቅሁ ነው ሥራ ስለቅም፣ ሥራ ስይዝም ያለ ብዙ ጣጣ የተዛወርኩት።